ፈረሱም ያው፣ ሜዳውስ?

የፎገራን ሜዳ በበጋ ያየ ሰው «ፈረሱም ያው፣ ሜዳውም ያው» የሚለው አባባል እዚሁ የተነገረ ሊመስለው ይችላል። ከጣና ዳርቻ እስከ ወረታ፣ ከጉማራ እስከ ርብ የተዘረጋው መሬት ለጥ ያለ ነው። ገደል የለበትም፣ ጥቁሩ አፈር ድንጋይ አይታይበትም። ቁሐር ሚካኤል በዚሁ ሜዳ ካሉት የፎገራ ወረዳ ቀበሌዎች አንዱ ነው። ስሙን ያገኘው ከታቦቱ ሲሆን እንጀራውን የሚያገኘው ግን በአብዛኛው ከሩዝ ነው።

ይሁን እንጂ ደህና የፈረስ ጉግስ ማየት የፈለገ የቁሐር ሚካኤል ሰው ሜዳውን ጥሎ ወደ ተራራ መውጣት አለበት። ከወረታ በዓለም በር አድርጎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፍታው ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,700 ሜትር ሲጠጋ ደብረ ታቦር ይደርሳል። እዚያ ጥር 25 ቀን የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ይከበራል፤ በአጅባር ሜዳም ፈረሰኞች ይገናኛሉ። በማኅበር የተደራጁ፣ አባል የሚመዘግቡ፣ ዕድሜያቸውን በዓመት የሚቆጥሩ ፈረሰኞችን ማየት ካሰኘው ደግሞ ጉዞው በተቃራኒው አቅጣጫ ይሆናል። ባሕር ዳርን አልፎ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እንጅባራ ይገባል።

ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይህ እንቆቅልሽ ነው። የፈረስ ውድድር ዋናው ግብዓት ሜዳ ከሆነ ማኅበሩ መቋቋም የነበረበት ፎገራ ላይ እንጂ ብርድ ባለበት ዳገት ላይ አልነበረም። ታዲያ ሜዳው ባለበት ፈረሰኛው ለምን አነሰ? ፈረሰኛው ባለበትስ ማን ነው ወጪውን የሚሸፍነው?

የፈረስ ሂሳብ

ከገበያው እንጀምር። አንድ ገበሬ በእጁ ያለውን ገንዘብ በበሬ ላይ ወይም በፈረስ ላይ ሊያውል ያስባል እንበል። በሬው ያርሳል፣ ያበራያል። ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ገበሬው ያደልበውና ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ያወጣዋል። በተገዛበት ዋጋ ወይም ከዚያ በላይ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ማለትም በሬ እያገለገለ የሚቆይ፣ በመጨረሻም ዋናውን የሚመልስ ንብረት ነው።

ፈረስ እንዲህ አይደለም። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የፈረስ ሥጋ አይበላም። ያረጀ ፈረስ ገዢ የለውም፤ እግሩ የተሰበረ ፈረስ ደግሞ ዋጋው ዜሮ ነው። የሂሳብ ሰዎች የአንድን መሣሪያ እርጅና ሲያሰሉ በመጨረሻ የሚተርፈውን ዋጋ ይቀንሳሉ፤ በፈረስ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። በየከተማው ዳር ዓይኑ የፈሰሰ፣ ጀርባው የቆሰለ የጋሪ ፈረስ ተጥሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ተጨማሪ መቀለብ ኪሳራ የሚሆንበት ነጥብ ላይ ስለተደረሰ ነው። (የአህያ ቆዳ ለውጭ ገበያ እንዲውል ተሞክሮ ነበር። በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ ግን ሕዝቡ ስለተቃወመው በ2009 ዓ.ም. ተዘጋ። የአፍሪካ ኅብረትም በ2016 ዓ.ም. የአህያ ቆዳ ንግድን በአህጉሩ አገደ። የጋማ ከብት ሬሳ ላይ ገበያ ማቆም እዚህ አገር አይዋጥም።)

ቀለቡን ደግሞ እንመልከት። ያገራችን ፈረስ ክብደቱ 250 ኪሎ ግራም ገደማ ቢሆን፣ በቀን ከክብደቱ ቢያንስ ሁለት በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ይህ 5 ኪሎ ነው። በዓመት ሲባዛ 18 ኩንታል ድርቆሽ ይሆናል። ለጉግስ የሚዘጋጅ ፈረስ ደግሞ በድርቆሽ ብቻ አይሮጥም፤ ገብስ ይጨመርለታል። ገብሱ የቤተሰቡም እህል ነው።

በዚያ ላይ አቅርቦቱ ዘገምተኛ ነው። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ታረግዛለች፣ የምትወልደው አንድ ነው። ውርንጭላው ኮርቻ እስኪችል ሦስት አራት ዓመት ይጠበቃል። ዛሬ የፈረስ ዋጋ ቢጨምር ተጨማሪው ፈረስ ገበያ የሚወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ዋጋው ተመልሶ ቢወድቅ ያሳደገው ሰው ከነድርቆሹ ይከስራል።

እንግዲህ በዚህ ሂሳብ ከሄድን ፈረስ የሚያረባ ሰው ጨርሶ ባልኖረ ነበር። ነገር ግን በኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ያህል ፈረስ እንዳለ ይገመታል። ስለዚህ ወይ ገበሬው ሂሳብ አያውቅም፣ ወይ ሂሳባችን የረሳው ነገር አለ። ገበሬው ሂሳብ አያውቅም የሚለውን ይህ ጸሐፊ አይቀበልም።

የጦር ዕቃ የነበረ ጊዜ

የረሳነው አንዱ ነገር ታሪክ ነው። ፈረስ በዚህ አገር ከመጓጓዣነቱ በፊት የጦር ዕቃ ነበር። የሰውም ስም ነበር፦ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ደብረ ታቦር የራስ አሊና የቴዎድሮስ መቀመጫ በነበረበት ዘመን የበጌምድር ፈረሰኛ ጉልበት የሚለካው በመኳንንቱ ግቢ በሚቀለበው ፈረስ ነበር። ያን ጊዜ የቀለቡን ወጪ የሚሸከመው ባላገሩ በግብር ነው፤ የሚከፈለውም ገብስ ነው። በዛሬ ቋንቋ የመከላከያ በጀት ልንለው እንችላለን።

ጉግስ የዚሁ በጀት ልምምድ ነበር። ሁለት ወገን ይሰለፋል። አንዱ በሽምጥ ሲወጣ ሌላው ይከተለዋል፣ ዘንግ ይወረውርበታል። የሚሸሸው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል። ያለፋታ መጋለብ፣ ልጓም በአንድ እጅ መያዝ፣ ኮርቻ ላይ መዞር፣ ሁሉም ለጦር ሜዳ የሚያስፈልግ ችሎታ ነው።

የዚህ ጦር ዋጋ የወደቀበትን ቀን በትክክል መናገር ይቻላል። የበጌምድር ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንችም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ፣ ከላይ አውሮፕላን መጣ። መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ሞቱ። ፈረስ ከአውሮፕላን ጋር በዚህ አገር ሜዳ ላይ የተገናኘበት የመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት ይህ ነው። ከሰባት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሳምንት አዲስ አበባ ላይ የፈረስ እሽቅድምድም ለውጭ አገር እንግዶች ቀረበ። ባንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ፈረስ ጦርነት ተሸነፈ፣ ሌላው መዝናኛ ሆነ።

የአገው ማኅበር

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተበት ዓመት 1932 ዓ.ም. ነው። አንባቢ ይህን ቁጥር ልብ ይበል። ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም፤ ጎጃም አርበኛና ባንዳ የሚታኮስበት ምድር ነው። ፈረስ ለሹመት ጌጥ ሳይሆን ለመሸሽና ለመድረስ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። አብዛኛው የውጭ አገር የፈረስ ክበብ የተወለደው በሰላምና በትርፍ ገንዘብ ነው፤ ይህኛው የተወለደው በወረራ ዘመን ነው።

ዓመታዊው በዓል ጥር 23 ቀን ይውላል። 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው፣ የአድዋ ድል ቀንም የካቲት 23 ነው። ማኅበሩም በዓሉን የሚያከብረው ፈረስ በአድዋና በአርበኝነቱ ዘመን የዋለውን ውለታ ለማስታወስ ነው። በ2013 ዓ.ም. 81ኛው ተከበረ። ሰባት ቤት አገው የሚባሉት አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። ከእነዚህ የሚወጡት የማኅበሩ አባላት ቁጥር በቅርብ ዓመታት ከ60 ሺህ በላይ እንደደረሰ ተነግሯል። በዚህ አገር 60 ሺህ አባል ያለው የስፖርት ክለብ ስንት አለ?

ምስጢሩ ጥር 23 ላይ ብቻ ያለ ከመሰለን ግን ተሳስተናል። የአዊ ገበሬ ፈረሱን በቀሪው ዓመት አያስቀምጠውም። በባንጃና በአካባቢው ደጋ ፈረስ ተጠምዶ ያርሳል። ከሸዋ ወይም ከወሎ የመጣ ሰው ሲያይ ይገረማል፤ ሞፈርና ቀንበር በፈረስ ጫንቃ ላይ! ከእርሻው በኋላ ለገበያ ይጭናል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ለለቅሶ ይወጣል። ማኅበሩ ራሱ በሠርግና በሐዘን ይገኛል፣ የተጣላ ያስታርቃል። በመሆኑም አንዱ ፈረስ አራት አምስት ሥራ ይሠራል፣ ቀለቡም ለአራት አምስት ይከፈላል። ከላይ ያሰላነው 18 ኩንታል የሚከብደው አንድ ሥራ ብቻ ላለው ፈረስ ነው።

ማኅበሩ የሚሰጠው ሌላው ነገር ክብር ነው። ባለሙያዎች ይህን ለመለካት ይቸገራሉ፣ ገበያው ግን ይለካዋል። ዳማ ይሁን አምባላይ፣ ቦራ ይሁን ሌላ፣ አንገቱን የሚሰብቅና በሶምሶማ የሚያምር ፈረስ ከበዓሉ በፊት የሚጠየቅበትና ከበዓሉ በኋላ የሚጠየቅበት ዋጋ አንድ አይደለም። የኮርቻ ሠሪው፣ የልጓም ቀጥቃጩ፣ የግላስ ጠላፊው ሥራም የሚሞቀው በዚያው ሰሞን ነው። በዓሉ ባይኖር እነዚህ ሙያዎች በፕላስቲክ ገመድና በጆንያ በተተኩ ነበር። ጋሪ ላይ እንዲያ ሆነዋል።

ፎገራ ላይ ምን ሆነ?

አሁን ወደ ቁሐር ሚካኤል እንመለስ። ሜዳው በድሮው አኗኗር ከመከር በኋላ የሁሉም ነበር። እህሉ ከተሰበሰበ ከታኅሣሥ ጀምሮ ክረምት እስኪገባ ድረስ ከብቱም ጋማ ከብቱም ይለቀቅበታል። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የወጣው በዚህ ግጦሽ ነው። ክረምት ደግሞ ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሞልተው ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁት ከፊሉ የሚታረስ አልነበረም።

በደርግ ዘመን ሩዝ መጣ። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በሙከራ የጀመሩት፣ በጅግናና በሻጋ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተለመደው ሩዝ፣ ውሃ የሚያስቸግረውን መሬት ውሃ ወደሚያስፈልገው ሀብት ለወጠው። ይህ በኢኮኖሚ ረገድ ከዋሉት ውለታዎች ሁሉ የላቀ ነው፤ ይህ ጸሐፊ ለፈረስ ሲል ሩዝን አይነቅፍም። ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ የሆነችው፣ የሩዝ ምርምር ማዕከልም የተቋቋመባት በዚህ ነው።

ነገር ግን ሩዙ ሲሰበሰብ ሜዳው አይከፈትም። በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ከወንዝ በሞተር ውሃ መሳብ የቻለ ደግሞ ሽንኩርት ይተክላል። ስለዚህ ጥር ላይ፣ ደጋው በፈረስ ጭፈራ ላይ በሚሆንበት በዚያው ወር፣ የፎገራ ሜዳ በአረንጓዴ ተይዟል። ሽንኩርት የተከለ ሰው ማሳው ላይ ሽምጥ እንዲጋለብበት አይፈቅድም፤ ማንም አይፈቅድም። የተረፈው የወል ግጦሽ ደግሞ በአሜኬላ ተወረረ። ከጣና በኩል ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የታየው እምቦጭም የሐይቁን ዳር ግጦሽ ነካው።

ከብቱስ ምን በላ? የሩዝ ገለባ። የፎገራ ገበያ ለዚህም ዋጋ አወጣለት። ላም ታመሰኳለች፣ ገለባውን ደጋግማ አኝካ ከሸካራው ነገር ምግብ ታወጣለች። ፈረስ አያመሰኳም። በሩዝ ገለባ ላይ የቆመ ፈረስ ሆዱ ይነፋል እንጂ ጡንቻ አያወጣም። እንግዲህ የሩዝ መምጣት ለላም መኖ ሲተካ ለፈረስ አልተካለትም። ሙቀቱና ጭቃውም ቢሆን ድሮም ለፈረስ አይመቹም፤ ፈረስ የደጋ ከብት ነው።

በቆላማው ሜዳ ለፈረስ የቀረለት ሥራ ጋሪ ነበር። የወረታ፣ የሐሙሲት፣ የባሕር ዳር ጋሪ ለብዙ ዓመታት የፈረስን ዋጋ ደግፎ ይዟል። ባጃጅ ሲመጣ ያ ሥራ ተነጠቀ። ባጃጅ በማይሠራበት ቀን ነዳጅ አይበላም፤ ፈረስ ግን በበዓል ቀንም ይበላል። ጋሪው ከዋናው አስፋልት ወደ ጥጋጥጉ መንገድ ተገፋ፣ እዚያም የሚከፈለው ሂሳብ ትንሽ ነው። ስለዚህ የፎገራ ፈረስ ማኅበር ያጣው ፈረሰኛ ስለጠፋ አይደለም። የፈረሱን ቀለብ የሚጋሩት ሥራዎች አንድ በአንድ ስለሄዱ ነው።

ማን ይከፍላል?

ውጭ አገር ያለውን ካየን ነገሩ ይለያል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1750 የተመሠረተው የጆኪዎች ክለብ በባላባቶች ገንዘብ ነበር የሚንቀሳቀሰው። በአውስትራሊያ የሜልበርን ዋንጫ እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ ይካሄዳል፤ ቀኑ በሜልበርን የሥራ በዓል ነው። በዚያ አገር ትንንሽ የገጠር ከተሞች እንኳ የራሳቸው የፈረስ ክለብ አላቸው። ገቢው ከመግቢያ ትኬትና ከአባልነት መዋጮ ይመጣል፤ ዋናው ግን ከውርርድ ነው። ተወራራጆች ያስያዙት ገንዘብ በአንድ ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ የተወሰነ በመቶ ይነሳና ቀሪው ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል። የተነሳው ለመንግሥት፣ ለክለቡና ለሽልማት ይሆናል። ማለትም የፈረሱን ገብስ የሚገዛው የተሸነፈው ተወራራጅ ነው።

እዚህ ቁማር ይግባ የሚል ሐሳብ የለኝም። መርቆሬዎስ ዕለት ታቦት በወጣበት ሜዳ ውርርድ የሚያስብ ሰው ዘንግ ቢወረወርበት አይፈረድም። ይልቅስ የሚገርመው ሌላ ነው፦ የወረታ ወጣት ባለፉት ዓመታት በእንግሊዝ እግር ኳስ ላይ ሲወራረድ ኖሯል፣ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚጋለበው ፈረስ ላይ ግን ማንም አምስት ሳንቲም አላስያዘም። ፈረሱን የሚያውቀው ደግሞ የበለጠ ነው።

ጥያቄው ግን ይቀራል። ጥር 23 እንጅባራ፣ ጥር 25 ደብረ ታቦር የሚገባው እንግዳ አልጋ ይከራያል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ትራንስፖርት ይከፍላል፣ ፎቶ ያነሳል። ባለ ሆቴሉ፣ ባለ ጠጅ ቤቱ፣ ባለ ሚኒባሱ ያተርፋሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ግብሩን ይሰበስባል። ፈረሱን ዓመት ሙሉ ቀልቦ፣ ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነስቶ፣ ጠልፎና አጊጦ ያመጣው ገበሬ ግን ከዚህ ገቢ የሚደርሰው ጭብጨባ ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ይህን የውጭ ጥቅም ይሉታል፦ አንዱ ያመርታል፣ ሌላው በነፃ ይጠቀማል። የዚህ ዓይነት ዕቃ ቀስ በቀስ የሚመረተው መጠን ያንሳል። ባለ ፈረሱ ሃምሳ ዓመት ሲሞላውና ልጁ ባጃጅ ሲገዛ ያን ጊዜ ይታያል።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን የሜዳው ነገር ነው። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ማሳውንና ግጦሹን በዲከረንስ ዛፍ ሸፍኖ ከሰል በመሸጥ ገንዘብ አግኝቷል። ከዚያም በሽታ ዛፉን ሲመታው የከሰሉ ገቢ ተናጋ። ዛፍ የያዘው ግጦሽ ቶሎ አይመለስም፣ ፈረስም ያለ ግጦሽ አይቆይም። አጅባር ደግሞ በሚያድግ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፊ ባዶ መሬት ነው። የከተማ መሬት በሊዝ በሚሸጥበት ዘመን ባዶ መሬት እንደ ባዶ አይታይም፤ በካሬ ሜትር ይታያል። ጥምቀተ ባሕር ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ትጠብቀዋለች፣ ይህም ብዙ ነው። ፈረሰኛው ግን በሜዳው ላይ በራሱ ስም የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተስፋፋው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ ገበያ አውኳል። ከሩቅ ወረዳ ፈረስ ይዞ በሌሊት መነሳት ቀላል አልሆነም። ሰው የማይመጣበት በዓል ለባለ ሆቴሉ የአንድ ሳምንት ኪሳራ ነው፤ ለባለ ፈረሱ ግን ቀለብ አውጥቶ ያላሳየው ዓመት ነው።

ማድረግ የሚቻለው ትንሽ ነገር አለ። ማዘጋጃ ቤቶቹ በበዓሉ ሰሞን ከሚሰበስቡት ገቢ ጥቂቱን ለፈረሰኞቹ የገብስና የጋማ ከብት ሕክምና ወጪ ቢመድቡ ስጦታ አይባልም፤ የተጠቀሙበትን ዕቃ ዋጋ መክፈል ነው። የሜዳውን ወሰን ለይቶ በካርታ መያዝ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል። ደብረ ታቦር ላይ እንደ እንጅባራ አባል የሚመዘግብ ጠንካራ ማኅበር ቢኖር ይህን ለመጠየቅ የሚቀርብ ሰው ይገኝ ነበር። አንድ ገበሬ ብቻውን ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የፈረስ ገብስ ስጡኝ ቢል የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው።

ቁሐር ሚካኤል ላይ ግን ሂሳቡ የተዘጋ ይመስላል። ሩዙ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሰበሰባል፣ ጓያው ይከተላል፣ ሽንኩርቱ ወረታ ላይ በኩንታል ይጫናል። ጥር 25 ሲደርስ ጉግስ ማየት የሚፈልገው ሰው በጠዋት ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሚኒባስ ይጠብቃል።